ያልተከፋፈለው ትርፍ ካዝና ውስጥ የለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ኅዳርና ታኅሣሥ የባንኮች ጉባዔ ወራት ናቸው። ገጻችሁም «ባንኩ ይህን ያህል ቢሊዮን ብር አተረፈ» በሚል ዜና ይሞላል። አነባለሁ። ግን ትርፉ ከተገኘ በኋላ የት እንደገባ ሁሌም ሳይነገር ይቀራል።

እኔ ትንሽ ባለአክሲዮን ነኝ፤ ጡረታ እስክወጣም ሂሳብ ሠራተኛ ነበርኩ። አክሲዮን በገዛሁበት ባንክ ጉባዔ ላይ አንድ አባት ሪፖርቱን ከፍ አድርገው ይዘው ተነሡ። «ይኸው ያልተከፋፈለ ትርፍ ይላል! ይህን ሁሉ ብር ምን ልታደርጉት ያዛችሁብን?» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ቀለጠ። ከመድረክ የመጣው መልስ «በመመሪያው መሠረት ነው» የሚል ብቻ ነበር። እንዲህ ያለ መልስ ማንን ያጠግባል?

ሻይ ላይ አጠገባቸው ተቀመጥኩና የአጀንዳውን ወረቀት ገልብጬ ጻፍኩላቸው። መጀመሪያ ያልኳቸው፣ ይህ ብር ካዝና ውስጥ የለም ነው። ድሮ ብድር ሆኖ ወጥቷል፣ ቦንድ ተገዝቶበታል፣ ሕንፃ ቆሞበታል። ቁጥሩ የሚናገረው፣ ከባንኩ ሀብት ውስጥ ይህን ያህሉ የአስቀማጭ ገንዘብ እንዳልሆነ ነው። ባንኩ ሠርቶ ያገኘው፣ ለባለቤቶቹ ገና ያላካፈለው ነው። ብድር ሲበላሽም ኪሳራው ቀድሞ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው።

ከዚያ ሂሳቡን ሠራን። ለምሳሌ ያህል፣ ካፒታሉ 5 ቢሊዮን የሆነ ባንክ ከግብር በኋላ 1 ቢሊዮን ብር አተረፈ እንበል። ዜናው «የ1,000 ብር አክሲዮን 200 ብር አስገኘ» ይላል። ሰውም 200 ብር ይጠብቃል። ነገር ግን ሕጋዊ መጠባበቂያው፣ ማለትም ባንኩ ለክፉ ቀን በግዴታ የሚያስቀምጠው፣ ከካፒታሉ እኩል እስኪሆን ድረስ፣ በብሔራዊ ባንክ መመሪያ ከተጣራ ትርፍ 25 በመቶው እዚያ ይገባል። 250 ሚሊዮን ሄደ። በዓለም አቀፉ የሂሳብ አያያዝ ሊበላሽ ለሚችል ብድር የተያዘው መጠባበቂያ ብሔራዊ ባንክ ከሚጠይቀው ካነሰ ደግሞ፣ ልዩነቱ ካልተከፋፈለው ትርፍ ተነስቶ ለብቻው ይቀመጣል። እሱን 50 ሚሊዮን እንበለው። የቀረው 700 ሚሊዮን ነው፤ ለአንድ አክሲዮን 140 ብር። የትርፍ ድርሻ ግብሩን 10 በመቶ ብንል እጅ ላይ የሚገባው 126 ብር ነው። እሳቸውም «ይህንን እዚያው መድረክ ላይ ቢሉኝ ምን ነበረበት?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

አንድ የሚያሳስት ነገር ልጨምር። የውጭ ምክር የሚያነቡ ወጣቶች ያልተከፋፈለ ትርፉ ትንሽ የሆነን ባንክ ደካማ ነው ይላሉ። እንደ ጄፒ ሞርጋን ባለ የአሜሪካ ባንክ ይህ መስመር ባለአክሲዮኖች ካዋጡት ገንዘብ እጅግ ይበልጣል፤ ለዓመታት ሲጠራቀም የኖረ ነውና። እኛ ጋ ግን ትርፉ በየዓመቱ ወይ ይከፋፈላል፣ ወይ ወደ መጠባበቂያ ይገባል፣ ወይ ካፒታል ይሆናል። በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ሳይከፋፈልም፣ መልሶ ሥራ ላይ ሳይውልም የተቀመጠ ትርፍ ግብር አለበት። ታዲያ ማን ዝም ብሎ ያከማቻል? ስለዚህ የእኛን ባንክ ስንመዝን ሕጋዊ መጠባበቂያውንና የተከፈለ ካፒታሉን አብረን ካላየን ይህ መስመር ብቻውን ያሳስተናል።

ተቃራኒውም አለ። መስመሩ አብጦ ሲታይ ከየት እንዳበጠ መጠየቅ ነው። ሐምሌ 2016 የምንዛሪው ገበያ ሲለቀቅ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። የውጭ ምንዛሪ ሀብቱ ከውጭ ምንዛሪ ዕዳው የሚበልጥ ባንክ አንድም አዲስ ብድር ሳይሰጥ ትርፍ ይመዘገብለታል። ዕዳው የሚበልጥበት ይከስራል። ሁለቱም የባንኩን የዕለት ተዕለት ሥራ አይናገሩም። ለእኔ ይህ ከወለድና ከአገልግሎት ክፍያ ከተገኘ ትርፍ ጋር አንድ ላይ ተጨፍልቆ «አተረፈ» መባሉ ቅር ያሰኘኛል።

አባት ሌላም ጠየቁኝ። «አንድ እጃቸው ትርፍ እየሰጠ ሌላው እጃቸው አክሲዮን ግዙ የሚለን ለምንድን ነው?» ምክንያቱ በ2013 የወጣው መመሪያ ነው። የባንኮችን ዝቅተኛ ካፒታል ከ500 ሚሊዮን ወደ 5 ቢሊዮን ብር አሳድጎ፣ ለነባሮቹ እስከ ሰኔ 2018 ጊዜ ሰጣቸው። ትርፉን በሙሉ ሲያከፋፍል የኖረ ባንክ ብሩን መልሶ ከእኛው ኪስ ይለምናል። እኔ በበኩሌ ከሚከፋፈለው ትርፍ 40 በመቶውን ከፍሎ ሌላውን ካፒታል የሚያደርገውን ባንክ እመርጣለሁ፤ ጉባዔ ላይ ግን እንዲህ የሚል ሰው አይጨበጨብለትም።

ከእናንተ የምፈልገው ትንሽ ነገር ነው። በየባንኩ የኦዲት ሪፖርት ውስጥ ካፒታሉና መጠባበቂያው ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተለወጠ የሚያሳይ አንድ ገጽ አለ። ዘጋቢዎቻችሁ ከትርፉ ዜና ሥር ከዚያ ገጽ ሁለት መስመር ቢጨምሩልን። ስንቱ ለመጠባበቂያ፣ ስንቱ ለባለአክሲዮን፣ ስንቱ ለካፒታል ሄደ? ቦታ ከጠበበ የቦርድ ሰብሳቢውን ፎቶ ትንሽ ማሳነስ ይቻላል።

አንድ ባለአክሲዮን
ከአዲስ አበባ