የብሪጅ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ትክክል ወስኖ ዜሮ ማግኘት

ዘንድሮ በጥቅምት ስንጀምር 9 ልጆች ነበሩን። ሰኔ ላይ 16 ሆነው ጨረሱ። 16 ልጅ ማለት አራት ሙሉ ጠረጴዛ ነው። ብሪጅ ለተባለው የካርታ ጨዋታ ክበብ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ምክንያቱን እመጣበታለሁ።

አስቀድሜ የወላጆችን ጥያቄ ላንሳ። «ትምህርት ቤት ውስጥ ካርታ?» ብለው የመጡ ነበሩ። አልፈርድባቸውም። እኛ አገር ካርታ ሲባል ቶሎ ትዝ የሚለው ቁማር ነው። በክበባችን ግን ገንዘብ አይነሳም፤ ውርርድም የለም። ብሪጅ የራሱ የዓለም ፌዴሬሽን ያለው ውድድር ነው፤ ፌዴሬሽኑም እ.ኤ.አ. በ1999 የዓለም አቀፉን ኦሊምፒክ ኮሚቴ ዕውቅና አግኝቷል። ብዙዎቻችን በፊልም የምናውቀው ግብፃዊው ኦማር ሸሪፍ እ.ኤ.አ. በ1964 በብሪጅ ኦሊምፒያድ ለአገሩ ተጫውቷል። አንድ አባት አንድ ሐሙስ መጥተው ከኋላ ተቀምጠው ሲያዩ ቆዩ። ሲወጡ «ልጆቹ እየተጫወቱ ነው ወይስ እየተፈተኑ?» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው አንድም ቀን አልቀረችም።

እኔ ብሪጅን የተማርኩት ፖላንድ ለትምህርት በነበርኩበት ጊዜ፣ በተማሪዎች ማደሪያ ውስጥ ነው። በረዶ ሲጥል ማታ ማታ ሌላ የምንሄድበት አልነበረም። ያኔ የገባኝን ለእነዚህ ልጆች ማካፈል ብዙ ዓመት ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ፦ አራት ሰው፣ ሁለት ለሁለት አጋር ሆኖ ይጫወታል። ለእያንዳንዱ 13 ካርታ ይደርሰዋል። ከጨዋታው በፊት ጨረታ አለ። ከ13ቱ ዙር ስንቱን እንደምትበሉ፣ ከአራቱ ዘሮች (ስፔድ፣ ልብ፣ ዳይመንድ፣ ክለብ) የትኛው አዛዥ ማለትም ሌሎቹን የሚበልጥ ትራምፕ እንደሚሆን ቃል ትገባላችሁ። የመጀመሪያዎቹ 6 ዙሮች አይጠሩም። ስለዚህ 1 ስፔድ ማለት 7 ዙር፣ 4 ስፔድ ማለት 10 ዙር ነው። እኛ የምንጫወተው ዱፕሊኬት የሚባለውን ነው። አንድ ዓይነት ካርታ በየጠረጴዛው ይዞራል፤ ውጤታችሁ የሚለካው ያንኑ ካርታ ከያዙት ከሌሎቹ ጋር ነው። ለበለጣችሁት ጥንድ ሁለት፣ እኩል ለሆናችሁት አንድ ታገኛላችሁ። «ካርታ አልመጣልኝም» የሚለው ሰበብ አይሠራም። አራት ጠረጴዛ መሙላቱ ያስደሰተኝም ለዚህ ነው፤ የሚነጻጸር ሰው ተገኘ።

የዓመቱ ሥራችን የጨረታ ውሳኔ ነበር። በመጀመሪያ ነጥብ መቁጠር ተማሩ። አስ 4፣ ኪንግ 3፣ ኩዊን 2፣ ጃክ 1፤ ጠቅላላው 40። ሁለት አጋሮች 25 ገደማ ካላቸው ብዙ ጊዜ 10 ዙር ይበላሉ። ሒሳቡን በሁለት ሳምንት ቻሉት። ችግሩም የጀመረው እዚያ ነው። ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ ማሰብ አቆሙ።

መጋቢት ላይ አንድ እጅ መጣ። አጋራችሁ ጨረታውን በ1 ስፔድ ይከፍታል፤ በእኛ ስምምነት ቢያንስ 5 ስፔድ አለው ማለት ነው። እናንተ የያዛችሁት ስፔድ ኪንግ፣ 8፣ 6፣ 4፣ 2፤ ከልብ ባለ 3ቷ አንድ ካርታ ብቻ፤ ዳይመንድ አስ፣ 9፣ 7፣ 5፣ 4፤ ክለብ 8 እና 2 ነው። 7 ነጥብ። በሦስት ጠረጴዛ «7 ደካማ ነው» ተብሎ 2 ስፔድ ተባለ፤ እዚያው ቆመ። በአራተኛው ላይ አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ በቀጥታ 4 ስፔድ አወጣች። አጋሯ 13 ነጥብ ነበረው። ሲደመር 20፣ ልክ የጠቅላላው ግማሽ። በቆጠራው መሠረት 10 ዙር የሚታሰብ አልነበረም። ግን 10 ዙር ተበላ። በሌሎቹ ጠረጴዛዎችም 10 ዙር ተበላ፤ እነሱ ግን ቃል አልገቡበትም። እሷና አጋሯ 420 አገኙ፤ የቀሩት 170። በንጽጽሩ ከ6 ስድስቱን ወሰዱ፤ ሌሎቹ ሁለት ሁለት ደረሳቸው።

ዙሮቹ ከየት መጡ? አምስትና አምስት፣ 10 ትራምፕ አላቸው። ልብ አንድ ብቻ ስለሆነ ሁለተኛው የልብ ዙር በትራምፕ ይበላል። የዳይመንዱም ርዝመት ዋጋ አለው። ነጥብ ቆጠራ ይህን አያይም። በዚያው ቀን ዣን ረኔ ቬርን የተባለው ፈረንሳዊ እ.ኤ.አ. በ1969 ያሳተመውን ሐሳብ ሰሌዳ ላይ ጻፍኩላቸው። የሁለቱ ወገኖች የትራምፕ ብዛት ሲደመር፣ ሁለቱም በየራሳቸው ትራምፕ ቢጫወቱ ከሚበሉት ዙር ድምር ጋር ይቀራረባል። ከዚህ የወጣውን ምክር እንዲህ አሳጠርኩት፤ 8 ትራምፕ ካላችሁ እስከ 2፣ 9 ካላችሁ እስከ 3፣ 10 ካላችሁ እስከ 4 ተጫረቱ። የሚስትበት ጊዜ አለ። ግን ልጆቹ «ስንት ነጥብ አለኝ?» ከሚለው ወጥተው «ከአጋሬ ጋር ምን አለን?» ማለት ጀመሩ። እግረ መንገዴን ልበል፤ ያን ቀን ተቃራኒዎቹ በመካከላቸው 9 ልብ ነበራቸው። በሦስቱ ጠረጴዛ 3 ልብ ብለው መግባት ይችሉ ነበር። ዝም አሉ። 4 ስፔድ ያለችው ልጅ ግን በሩን ዘግታባቸዋለች።

ከዚያ በኋላ አንድ ልምምድ ጨመርን። ጨረታው ሲያልቅ ካርታችሁን ገልብጡና ተቃራኒዎቻችሁ ምን እንደያዙ ንገሩኝ እላለሁ። መጀመሪያ ማንም አልቻለም። ሁሉም የራሱን ካርታ ብቻ ነበር የሚያየው። ቀስ በቀስ «መክፈት ሲችል ፓስ (አልጫረትም) ያለው ሰው 13 ነጥብ የለውም» ማለት መጣ። መውደቅንም መፍራት ቀነሱ። ተቃራኒ 2 ልብ ብሎ ቢሳካለት 110 ያገኛል። እናንተ 2 ስፔድ ብላችሁ በአንድ ዙር ብትወድቁ፣ ተጋላጭ (ቅጣቱም ሽልማቱም ከፍ የሚልበት ተራ ላይ) ካልሆናችሁ የምትከስሩት 50 ነው። ተጋላጭ ሆናችሁ በሁለት ዙር ከወደቃችሁ ግን 200 ይሄዳል። ስለዚህ ከመጫረት በፊት ተጋላጭ መሆን አለመሆንን ማየት ግድ ነው።

ጥቅሻን በሚመለከት ብዙ ደከምን። በሰፈር ካርታ ላይ አጋርን መጥቀስ እንደ ችሎታ ይቆጠራል። በብሪጅ ክልክል ነው። ጨረታው የሚካሄደው ከማኒላ ወረቀት ቆርጠን በሠራናቸው ካርዶች ነው፤ አፍ አይናገርም። አጋራችሁ ያወጣው ካርድ ምን ማለት እንደሆነ ተቃራኒ ከጠየቀ በእውነት ትመልሳላችሁ። አጋር ረዥም አስቦ ፓስ ቢል፣ ያ ማሰቡ ራሱ ወሬ ነው፤ ልትጠቀሙበት አይገባም። ሚያዝያ ውስጥ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ እንዲህ ያለ ጊዜ ገጠመው። መቀጠልም ማቆምም የሚያስኬድ እጅ ነበረው። ፓስ አለ። በኋላ ስጠይቀው «አጋሬ ባያመነታ ኖሮ አልቀጥልም ነበር፤ ስለዚህ አልቀጠልኩም» አለኝ። በዓመቱ ከሰማሁት ሁሉ ያኮራኝ ይህ ነው። ለእናቱም ደውዬ ነገርኳቸው።

የመጋቢቱ እጅ ግን ሌላ ጣጣ አመጣ። ሁሉም ደፋር ሆነ። በዚህ ምክንያት የውሳኔ ደብተር ጀመርን። ከባድ ውሳኔ የገጠመው ልጅ ካርታው ከመጫወቱ በፊት ምን እንደወሰነና ለምን እንደወሰነ በሁለት መስመር ይጽፋል። የምንነጋገረው በጻፈው ላይ ነው፤ ውጤቱ በኋላ ይነበባል።

ግንቦት ላይ ሦስት ጥንዶች 6 ልብ ብለው ገቡ፤ 12 ዙር ማለት ነው። ሁለት ኪንጎች ተቃራኒዎች ጋ ነበሩ። ውሉ የሚሳካው ሁለቱም በሚመች ወገን ከተቀመጡ ብቻ ነው። ለአንዱ ዕድሉ ግማሽ ነው፤ ለሁለቱ ሩብ። ያ የ4 ስፔዷ ልጅ 4 ልብ ላይ ቆመች። ኪንጎቹ ሁለቱም ተመቹ። ሦስቱ ጥንዶች 980 አገኙ፤ እሷና አጋሯ 480። በንጽጽሩ ዜሮ። ክፍሉ በጭብጨባ ተናወጠ፤ እሷ አቀርቅራ ቀረች። እኔ ደብተሯን ተቀብዬ ጮክ ብዬ አነበብኩ። «ሁለት ኪንግ ይጎድለናል። እንደዚህ ያለ እጅ አራት ጊዜ ቢመጣ ሦስቴ እንወድቃለን» ይላል። ከዚያ ሌሎቹን ምክንያታቸውን ጠየቅኳቸው። ከሦስቱ ጥንድ አንዱም አልጻፈም። ጭብጨባው በረደ። ቀጥሎ ባለው ሐሙስ ሁሉም ደብተር ይዞ መጣ።

ያልሠራናቸውም አሉ። የጨዋታው ክፍል፣ በተለይ መከላከሉ፣ ገና ደካማ ነው። በፈተና ሰሞን አራት ሐሙስ አልፎናል። ካርታም ያጥረናል። በዱፕሊኬት እያንዳንዱ እጅ የራሱን ሙሉ ካርታ ይፈልጋል፤ እኛ ያለን 8 ነው። ቤቱ 52ቱም የተሟላ ካርታ ያለው ሰው ቢያመጣልን በደስታ እንቀበላለን።

ሁለት ልጆች 12ኛ ክፍልን ጨርሰው ስለሚሄዱ በመስከረም ሁለት ቦታ ክፍት ነው። ሐሙስ ከ9 ሰዓት ተኩል ጀምሮ ቤተ መጻሕፍቱ ጀርባ ባለው ክፍል እንገናኛለን። ደብተርና እርሳስ ያዙ።