እኛስ የየት ክልል ነን?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ክልሎች ሕገ መንግሥት ያወጣችሁትን ዘገባ አነበብኩ። ተለፍቶበታል። ሲዳማ በ2012 ዓ.ም. ክልል መሆኑ፣ በኋላም የቀድሞው ደቡብ ተከፋፍሎ ክልሎቹ 12 መድረሳቸው ልክ ነው። ያንገበገበኝ መሃል ላይ ሾልኮ የገባው ዓረፍተ ነገር ነው። እያንዳንዱ ኢትዮጵያዊ የክልሉ ምክር ቤት ባጸደቀው ሕገ መንግሥት ሥር ይኖራል ብላችኋል።

እያንዳንዱ? እኔ ተወልጄ ያደግኩት አራዳ ነው። የእኔን ሕገ መንግሥት የት አያችሁት?

የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 49 አዲስ አበባ ራሷን በራሷ የማስተዳደር ሙሉ ሥልጣን አላት ይላል። ደስ ይላል። ወረድ ብሎ ግን ዝርዝሩን ለሕግ ይተወዋል፣ ተጠሪነቷንም ለፌዴራል መንግሥት ያደርገዋል። ያ ሕግ ቻርተሩ ነው። የክልል ምክር ቤት ሕገ መንግሥቱን ራሱ ያወጣል፣ ራሱ ያሻሽላል። የእኛ ምክር ቤት ቻርተሩን አንድ መስመር መለወጥ አይችልም። በ2010 ዓ.ም. ምክትል ከንቲባው ከምክር ቤቱ አባላት ውጭ እንዲሾም ቻርተሩ ሲሻሻል፣ እጅ ያወጡት አራት ኪሎ ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ናቸው። ከ547ቱ ወንበሮች የአዲስ አበባ 23 ናቸው። በገዛ ጉዳያችን 23 ነን ማለት ነው።

ይባስ ብሎ የፌዴራሉ ሕገ መንግሥት ይሻሻል ቢባል፣ ከሁለቱ የፌዴራል ምክር ቤቶች ሌላ የሚጠየቁት የክልል ምክር ቤቶች ናቸው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት አባላትን የሚመርጡትም እነሱው። ስብሰባው እዚህ፣ መንገድ የሚዘጋው እኛ ላይ፣ ወንበሩ ግን የሌላ። (እንደኛው ክልል የሌላቸው ድሬዳዋዎች ይሄን ሲያነቡ አንገታቸውን እየነቀነቁ ነው።)

ባለፈው ለአንድ ጉዳይ ፎርም ስሞላ "ክልል" የሚል ቦታ አገኘሁ። አዲስ አበባ ብዬ ጻፍኩ። ልጅቷ ሰረዘችውና "ጋሼ፣ ይሄ ከተማ ነው፤ የመጡበትን ክልል ይጻፉልኝ" አለችኝ። የመጣሁት ከፒያሳ ነው፤ በታክሲ። ስከራከር ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ በእኔ ላይ አጉረመረመ። ቦታውን ባዶ ትቼ ወጣሁ። ጉዳዬም እስከዛሬ አላለቀም። እሷ እንኳ የታዘዘችውን ነው የሠራችው። እናንተ ግን ጋዜጠኞች ናችሁ።

እርማት አውጡ። ኋላ ገጽ ላይ በደቃቅ ፊደል ሳይሆን፣ ዘገባው በወጣበት ቦታ። ቀጣዩን ክፍል ከመጻፋችሁ በፊትም ቻርተሩን አንድ ጊዜ ግለጡት፤ ረጅም አይደለም።

የአራዳ ክፍለ ከተማ ነዋሪ