ድሬ ላይ የቀረ ክርክራችን

ውድ እህቴ፣

እንደምን ከረምሽ? ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ባለፈው ሰሞን ለገሃሬ አካባቢ አገኘኋቸው። ጉልበታቸውን ትንሽ ያማቸዋል እንጂ ጤነኛ ናቸው። «ምነው አትጽፊላትም?» አሉኝ፤ ይኸው ጻፍኩልሽ።

ስንጠፋፋ ዓመታት ሄዱ። ያኔ መጨረሻ ላይ የጻፍሽልኝ ግን ከልቤ አልወጣም። «ግማሹ ዓመቱን እኩል የሚጾምና ወር በገባ ቁጥር ታቦት የሚያከብር፣ ግማሹ ደግሞ ባንክ የማይገባ ሕዝብ በምን ያድጋል?» ብለሽኝ ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ እኔ የነጋዴ ሒሳብ ያዥ ነኝ። ነገሩ ግን የእናቶቻችንን እምነት፣ የእኔን ክርስትናም የአንቺን እስልምናም፣ ስለሚነካ ሳልመልስልሽ ልተወው አልቻልኩም።

ማክስ ቬበርን ጠቅሰሽልኝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1904 እና በ1905 ባወጣው ጽሑፍ፣ ፕሮቴስታንቶች ሥራን ከፈጣሪ እንደተሰጠ ጥሪ ስለሚያዩና ያገኙትን ስለሚቆጥቡ ካፒታሊዝም በእነሱ ዘንድ በረታ አለ። ሳሻ ቤከርና ሉድገር ቮስማን የተባሉ ተመራማሪዎች ግን እ.ኤ.አ. በ2009፣ የ19ኛውን ክፍለ ዘመን የፕሩሺያ አውራጃዎች መረጃ መርምረው ሌላ ነገር አሳዩ። ሉተር ሰው ሁሉ መጽሐፍ ቅዱስን በራሱ ዓይን እንዲያነብ ስለፈለገ፣ ፕሮቴስታንት በበዛበት አውራጃ ማንበብ የሚችለውም በዛ፤ የሀብቱንም ልዩነት በአብዛኛው የሚያስረዳው ይኸው የፊደል እውቀት ነው። ይህን ሳነብ የእኛን ልጅነት አሰብኩ። እኔ የኔታ ዘንድ፣ አንቺ ቁርኣን ቤት ነው ፊደል የቆጠርነው። ንባቡ ለጸሎት ነበርና ስለ ንግድና ስለ ሒሳብ የሚያስተምረን ግን ተማሪ ቤት እስክንገባ አልነበረም። እኔ የማዝነው እዚህ ላይ ነው።

ስለ ጾሙም አንድ ጥናት አለ። ፊሊፔ ካምፓንቴና ዴቪድ ያናጊዛዋ ድሮት እ.ኤ.አ. በ2015 ያወጡት ነው። ረመዳን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል እየቀደመ ስለሚመጣ፣ ቀኑ በሚረዝምበትና በሚያጥርበት ወቅት ሲውል አነጻጸሩ። የጾሙ ሰዓት ሲረዝም የሙስሊም አገሮች እድገት ይቀንሳል፤ ሰዎቹ ግን በኑሯቸው ይበልጥ ደስተኞች ነን ይላሉ። ይህ አንቺን ስቶክሆልም ላይ፣ ፀሐይ አልጠልቅ ስትል በደንብ ይገባሻል። ድሬ ላይ ግን የዓመቱ ረጅም ቀን ከአጭሩ የሚበልጠው በአንድ ሰዓት ገደማ ነው። በረመዳን ቀን ቀን ገበያው ይቀዘቅዝና ከመግሪብ በኋላ መጋላ እንደገና ይነሳል፤ ሳምቡሳው፣ ቴምሩ፣ ለዒድ የሚገዛው ልብስ። ታውቂው የለ!

የታቦቱን ነገር አልክድሽም። ገበሬው በ12፣ በ19፣ በ21፣ በ27ና በ29 ሞፈር አያነሳም፤ ዝናቡ በጣለበት ሳምንት ከሆነ ያች ቀን ዋጋ ታስከፍላለች። ታኅሣሥ 19 ደግሞ ለቁልቢ ገብርኤል ከየአቅጣጫው የሚመጣውን ሕዝብ አስቢው። አልጋ አይገኝም፣ ባጃጁ አያርፍም፣ ስለቱን የሚያደርሰውም ክርስቲያኑ ብቻ አይደለም።

ባንኩን በተመለከተ ግን በሙሉ ልቤ እሟገትሻለሁ፤ ይህ በየቀኑ የማየው ነው። ወለድ ሐራም ነው ያለ ነጋዴ ገንዘቡን አላባከነም። በዕቃ፣ በወርቅ አስቀመጠው፤ ለዘመዱ አበደረው። አሸዋ በሚባለው ገበያችን ያለ ነጋዴ በአንድ ቃል ብቻ፣ ያለ ፊርማ፣ የጨርቅ ጥቅል በዱቤ ይሰጣል፤ ተበዳሪውም ይከፍላል፣ ዓርብ መስጊድ ላይ ዓይን ለዓይን ይገናኛሉና። እንዲህ ያለ መተማመን ካፒታል ነው፣ በየትም መዝገብ ባይሰፍርም። የጎደለው ያንን ሰው የሚያስገባ ባንክ ነበር። ባንኮቻችን ከወለድ ነፃ መስኮት ከፈቱ፤ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ዘምዘም ባንክ ሙሉ በሙሉ ያለ ወለድ ሥራ ጀመረ። ሙራባሃ በሚሉት አሠራር ባንኩ ዕቃውን ራሱ ገዝቶ፣ ትርፉን አስታውቆ፣ ለነጋዴው ቀስ በቀስ በሚከፈል ክፍያ ይሸጥለታል። እምነቱ የትናንቱ ነው፤ ሰውየው ግን ዛሬ የባንክ ደንበኛ ነው።

ሐረርንም አትርሺ። ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድ አለ። ያች ከተማ የራሷን ገንዘብ ትመታ ነበር፤ ቡናዋና ጨርቋ በግመል እስከ ዘይላና በርበራ ይወርድ ነበር። የመስጊዱ ብዛት ገበያዋን አላጠበበውም።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኛል። ቲሙር ኩራን የተባለው ምሁር፣ በእስልምና ሕግ ከሸሪኮች አንዱ ሲሞት ሽርክናው ስለሚፈርስና ውርሱም ለብዙ ስለሚከፋፈል የንግድ ድርጅቶች ትንሽ ሆነው ቀሩ ይላል። ባለቤቱ ሲሞት መደርደሪያው ሳይቀር የተከፋፈለ ሱቅ እኔም መዝግቤያለሁ። ግን በዚያው ሕግ ሴት ልጅም ድርሻ አላት፤ በዚያች ድርሻ የራሷን ሱቅ የከፈተች ሴትም መዝግቤያለሁ። ሸሪኮቹ በሕይወት ሳሉ በአክሲዮን ቢደራጁ ሱቁም የሴት ልጅ ድርሻም ይተርፉ ነበር እላለሁ፤ አንቺ ምን ትያለሽ?

እዚያ ያሉት ሙስሊሞች ቤት ሲገዙ ወለዱን እንዴት ነው የሚያደርጉት? ይህን በዝርዝር ጻፊልኝ፣ እዚህ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ለእናትሽ የጉልበት መድኃኒት የምትልኪ ከሆነም በእኔ በኩል አድርጊው፤ ዓርብ ዓርብ እየሄድኩ አያቸዋለሁ።

እህትሽ፣ ከድሬዳዋ