ቅማንትኛ ባለቤቶቹ በሕይወት ሳሉ ይቀረጽ

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፤

ከጎንደር ወደ መተማ የሚወስደው መንገድ ወደ ቆላው ከመውረዱ በፊት የሚያልፍባት ጭልጋ፣ በተራሮቿና በሸለቆዎቿ መካከል ቅማንትኛን ጠብቃ ያቆየች አገር ናት። ቋንቋው ከአዊኛ፣ ከኽምጣኛና ከብሌን ጋር የአገው ቤተሰብ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ከ170 ሺህ በላይ ከሆነው የቅማንት ሕዝብ መካከል አፉን የፈታበት ሁለት ሺህ እንኳ አልሞላም። ገበያውም ትምህርት ቤቱም በአማርኛ በመሆኑ (ይህም ማንንም አያስወቅስም) ቋንቋው የቀረው በአብዛኛው በአረጋውያን አንደበት ነው። በተለይ የሚያሳስበኝ፣ ወምበሮች (የቅማንት ባህላዊ እምነት መሪዎች) በተከበሩ ዛፎች ጥላ ሥር የሚመሩት፣ በቃል ብቻ ሲወርድ የመጣው ጸሎት ነው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ከአረጋውያኑ ዘንድ ልኮ፣ ፈቃዳቸውን እየጠየቀ፣ ጸሎቱንና የየሸንተረሩን ስም በድምፅ እንዲያስቀርጽ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር