እናቴን ሂልውድ ለወሰዳችሁልኝ እህቶቼ

ከሁሉ በፊት እግዚአብሔር ይመስገን። እናቴ የዳሌ ቀዶ ሕክምናዋን ጨርሳ በሰላም አዲስ አበባ ገብታለች።

ሾርባ ይዛችሁ የመጣችሁ፣ አብራችኋት ያደራችሁ፣ ፈረቃ ቀይራችሁ ሐኪም ቤት ያመላለሳችኋት የማኅበራችን እህቶች፣ ውለታችሁን ቆጥሬ አልጨርሰውም። ዛሬ ስለ አንዱ ቀን ብቻ ልጻፍ። እናቴም ስለ አሜሪካ ሲጠይቋት የምታወራው እሱን ነው።

በግንቦት መጀመሪያ ቤት መዋል ሲሰለቻት ሂልውድ ወሰዳችኋት። እዚሁ ዋሽንግተን፣ ከኤምባሲያችን ብዙም የማይርቅ ግቢ ነው። እኔ ግን ስንት ዓመት ኖሬ አላውቀውም ነበር። የማርጆሪ ሜሪዌዘር ፖስት ቤት ነው፤ ዛሬ ሙዚየም ሆኗል። አባታቸው በቁርስ እህል የከበሩ ሰው ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1914 ሲሞቱ ሀብቱ ለአንድ ልጃቸው ቀረ።

ወይዘሮዋ ቤት የሚቀያይሩት በወቅት ነበር። ብርዱን ፍሎሪዳ፣ ማር-አ-ላጎ። በጋውን ኒው ዮርክ ተራሮች መሀል፣ ቶፕሪጅ፤ እዚያ እንግዳ የሚያስመጡት በራሳቸው አውሮፕላን ነበር። ጸደይና መኸሩን ደግሞ ሂልውድ። አዛሊያው ሲያብብ ግቢው በእንግዳ ይሞላል። ማታ ከእራት በኋላ ፊልም ይታያል፤ ይጨፈራል።

እናቴ ዕድሜዋን ሙሉ የሠርግ ወጥ ስትሠራ የኖረች ሴት ናት። እኛ በሩሲያዋ ንግሥት በካትሪን ትእዛዝ የተሠሩትን ሳህኖች አፋችንን ከፍተን ስናይ፣ እሷ ዞር ብላ "ጓዳው የት ነው?" አለች።

ስምሽን ሳልጠይቅሽ የተለየሁሽ አስጎብኚ፣ ሰው ይተርጉምልሽና ይኼ ላንቺ ነው። ተሽከርካሪ ወንበሩን ራስሽ ገፍተሽ ወጥ ቤቱ ድረስ ወሰድሻት። እናቴ ምድጃውን አየች፣ ማጠቢያውን አየች። እጇን ዘርግታ፣ መንካት ክልክል መሆኑ ትዝ ሲላት መለሰችው። "ይኼን ሁሉ ሳህን ማን አጠበው?" አለች። አንቺም አጠገቧ በርከክ ብለሽ፣ ምግብ ስለሚያበስሉትና ስለሚያስተናግዱት ሠራተኞች አንድ በአንድ ነገርሻት። እሷ ደግሞ ለሦስት መቶ ሰው ሽንኩርት ስትከትፍ ስላደረችበት ሌሊት ነገረችሽ። "ሙሽራዋን እንኳ አላየኋትም" ስትልሽ እጇን ያዝሽ። ይኼን እኔ ልጇም ሰምቼው አላውቅም።

ወይዘሮዋ ከቬትናም ቆስለው የተመለሱ ወታደሮችንም በግቢው ይጋብዙ እንደነበር ስትነግሪያት እናቴ ቀና አለች። "እሱስ ድግስ ነው" አለች።

ከዚያ ወደ ቤት የምንመለስ መስሎኝ ነበር። እናንተ ለካ ምሳ አሰናድታችሁ ኖሯል! እናቴ እንደ ልማዷ ወደ ማዕድ ቤቱ ልትገባ ስትል መንገዱን ዘጋችሁባት። "እማማ፣ ዛሬ እርስዎ እንግዳ ነዎት" ብላችሁ ከላይ አስቀመጣችኋት። እጇን አስታጠባችኋት። ዶሮ ወጡን ቀምሳ ጨው እንዳነሰው ተናገረች፤ እናንተም እሺ ብላችሁ ጨመራችሁ።

እናቴ ድግስ ላይ የምትበላው መጨረሻ፣ ጓዳ ቆማ ነበር። ከሰው ሁሉ በፊት ተቀምጣ ስትጎርስ ያየኋት ያን ቀን ነው። ስላሳያችሁኝ እግዚአብሔር ያክብርልኝ።