መጀመሪያ ማንነቱን እወቅ

ዱባይ

ለምወድህ ወንድሜ፣

እንደምን ሰነበትክ? እማዬስ ጉልበቷን ተሻላት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ።

ባለፈው «የዓሣ ገንዳ ማጽዳት ደግሞ ምን ያስቸግራል?» ብለኸኝ ነበር። ባዮሎጂ ስለምትማር በደንብ ላስረዳህ።

የምንንከባከባቸው ገንዳዎች የባሕር ውሃ ናቸው። አንድ ኪሎ ውሃ ውስጥ 35 ግራም ገደማ ጨው አለ። ኮራልም ዓሣም ይኖርበታል። የሚያስቸግረን አልጌ የሚባለው ውሃ ውስጥ የሚበቅል ተክል መሰል ነገር ነው። አንዳንድ ባለቤቶች ቡናማ ነገር ገና ሲያዩ መድኃኒት ገዝተው ይጨምራሉ። ይሄ በጣም ያናድደኛል። አንዱን አልጌ የሚያጠፋው ዘዴ ሌላውን ያፋፋዋላ!

አዲስ ገንዳ ላይ አሸዋውን የሚያለብሰው ቡናማ ዱቄት ዲያቶም ነው። አሸዋ ውስጥ የሚገኘውን ሲሊካ የሚባል ማዕድን ይወዳል። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ ብዙም አያሳስብም። ካልጠፋ የውሃ ማጣሪያው ሲሊካ እያሳለፈ እንደሆነ አያለሁ።

ዳይኖፍላጀሌት ግን ሌላ ነገር ነው። እኛ ዳይኖ እንለዋለን። እሱም ቡናማ ስለሆነ ከዲያቶም ጋር ያምታታል። ግን እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል፣ የአየር አረፋም ይይዛል። ማታ ይቀንሳል፣ ቀን መብራት ሲበራ ተመልሶ ይመጣል። አንዳንዱ ዝርያ መርዛም ስለሆነ ቀንድ አውጣዎቹ ይሞታሉ። ብዙ ጊዜ የሚነሳው የአልጌ ምግብ የሆኑት ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ሲገቡ ነው። ገንዳው ከመጠን በላይ ሲጸዳ ማለት ነው! ስለዚህ ውሃ መቀያየሩን ትተን ናይትሬቱን በሊትር ወደ 5 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱን ወደ 0.1 እናደርሳለን። ማታ ወደ ውሃው የሚወጣውን ዝርያ ደግሞ በአልትራቫዮሌት መብራት እንገድለዋለን። ይህን ሁሉ ከማድረጋችን በፊት ግን አንድ ጠብታ በማይክሮስኮፕ እናያለን።

ፀጉር መሳዩ አረንጓዴ አልጌ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚፋፋው በፎስፌት ነው። እዚህ ላይ መመርመሪያው ሰውን ያሳስታል። አልጌው ፎስፌቱን ስለሚመጠው ውሃው ዜሮ ሊያሳይ ይችላል። በእጅ እንነቅላለን፣ የዓሣውን ምግብ እንቀንሳለን፣ ቀንድ አውጣ እንጨምራለን። ቅጠሉ ላባ ከመሰለ ግን ብሪዮፕሲስ ነው፤ ቀንድ አውጣ ብዙም አይነካውም። እሱን ፍሉኮናዞል ያጠፋዋል። አዎ፣ ለሰው ፈንገስ የሚታዘዘው ራሱ!

ቀዩ ንጣፍ ደግሞ አልጌ እንኳ አይደለም፤ ሳይኖባክቴሪያ ነው። ውሃ በማይንቀሳቀስበት ጥግ ይበዛል። በቱቦ ስበን እናወጣና ፓምፑን ወደዚያ እናዞራለን።

የላክልኝን የጣናን እንቦጭ ፎቶ ሳይ ይሄው ነገር ነው የታየኝ። እንቦጭ አልጌ ባይሆንም ከእርሻና ከከተማ የሚገባው ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ነው የሚያፋፋው። ነቅሎ ማውጣቱ የግድ ነው። ምግቡ እስከገባ ድረስ ግን ተመልሶ ይበቅላል። መምህሮችህን ወደ ሐይቁ የሚገባውን ውሃ ይለኩ እንደሆነ ጠይቅልኝ። የሚለኩ ከሆነ አብረሃቸው ሂድ።

ለእማዬ መድኃኒት የሚሆን ብር በዚህ ሳምንት እልካለሁ። ግቢያችሁ ማይክሮስኮፕ ካለ ከሐይቁ ዳር አረንጓዴ ውሃ ቅዳና አንድ ጠብታ አይተህ ፎቶ ላክልኝ። ውሃውን በባዶ እጅህ አትንካው።

ወንድምህ