ጽዋውን ይረከቡ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ ዘጌ።

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ከናፍቆትዎ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። የልጆቹ አባት ጄሶው ተፈትቶለት በምርኩዝ እስከ በር መውጣት ጀምሯል። ባጃጁን ለመያዝ ግን ገና ነው።

ባለፈው በስልክ «እንዴት ከረማችሁ?» ሲሉኝ አጠገቤ ሰው ስለነበረ በደንብ አላወራሁዎትም። እሱ ከተጋጨ ጀምሮ ቤታችንን ያቆሙት የኪዳነ ምሕረት ማኅበርተኞቼ ናቸው። አንዱ ሆስፒታል ያድራል፤ አንዷ ልጆቹን ከትምህርት ቤት ታመጣለች። ሐይቁ ዳር ዓሣ የምትጠብሰዋን ያውቋት የለ? አንድ ማታ የዘይት ሽታዋን እንደያዘች መጣች። ከመቀነቷ የተጠቀለለ አሥር አሥር ብር ፈታ አልጋው ላይ ቆጠረችና «ለቤት ኪራዩ ጨምሪው» አለችኝ። እምቢ ብላት ተቆጣች። «የእኔ ቀን ሲመጣ በምን አፌ ልጠራሽ ነው?»

የንስሐ አባታችንም ጸበል ረጭተው ሲያበቁ የዚያን ሽባ ነገር አነሱልን፤ አራት ሰዎች ተሸክመውት መግቢያ ቢያጡ ጣራ ነድለው ያወረዱትን። ማርቆስ 2 ላይ ጌታ የተሸካሚዎቹን እምነት አይቶ ነው የማረው። ያ ሰሞን እኔ ጸሎት አቅቶኝ ነበር። ውዳሴ ማርያም ስከፍት እንቅልፍ ይጥለኛል። ሌሎቹ ናቸው የጸለዩልኝ።

ይህን ሁሉ የማወራው ወደ እርስዎ ነገር ልመጣ ነው አባዬ። እናታችን ካረፈች ወዲህ ከማኅበር ቀርተዋል አሉ። «ተራዬ ሲደርስ ማን ይደግስልኛል? በልቼ የማላበላ ልሁን?» ብለዋል አሉ። ኧረ ተዉ! ዘጌ እንደሁ በሬ አይጠመድበት፤ ኑሮው ቡናና ጌሾ ነው። ቡናው ባልያዘ ዓመት የሁሉም እጅ እንደሚያጥር ማኅበርተኛው አያውቅም? «ሃምሳ ሎሚ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» እያሉ ያሳደጉን እርስዎ ነዎት። የስንቱን ሬሳ ተሸክመው፣ የስንቱን ጎጆ ከድነው፣ ዛሬ ሰው ልርዳዎ ሲል ማፈር ምንድን ነው? ይቅር ይበሉኝና ይሄ ኩራት ነው።

ለማኅበሩ መሪ፣ ለሙሴው፣ ደውዬ ጨርሻለሁ። በዚህ ወር በ16 ሄደው ጽዋውን ይረከቡ። የሚቀጥለው ወር ድግስ የእኔ ነው። ዓሣ ጠባሿም አብራኝ በጀልባ ትመጣለች፤ ወጡን ለእኔ ተይው ብላለች። ብቅሉን ከዚህ ይዤ እመጣለሁ። ጌሾውን ግን ከጓሮዎ ያስደርቁልኝ፤ የከተማው ውድ ነው፣ ለዛም የለውም። ትልቁ ጋን ተሰንጥቆ እንደሆነም አይተው በጀልባዎቹ ልጆች መልእክት ይላኩብኝ።

ልጅዎ፣ ከባሕር ዳር